ሰባኪው «መጀመሪያ የሠራተኛችሁን ደመወዝ ክፈሉ» አለ፤ ይሄ ወንጌል ነው ፖለቲካ?

የጣና ዳር ልጅ (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ በሠርክ ጉባኤ ላይ የሆነውን ልንገራችሁና የመሰላችሁን በሉኝ። ደብሩን አልጠራም። ባሕር ዳር ነው፣ ከሐይቁም ብዙ አይርቅም፤ ይበቃል።

ሰባኪው ወጣት ነው፣ እንግዳ ነው። ርዕሱ ስእለት ነበር። እኛም የለመድነውን ጠብቀን ተቀመጥን፤ ማን ተስሎ ምን አገኘ፣ ማን ስእለቱን ረስቶ ምን ደረሰበት። ልጁ ግን የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ገለጠ። «እነሆ፥ እርሻችሁን ያጨዱት የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምቶ ይጮኻል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግቶ «ቤታችሁ ሠራተኛ ያለች እጃችሁን አውጡ» አለ። ብዙ እጅ ወጣ። «ያለፈውን ወር ደሞዟን በእጇ የሰጣችሁ ብቻ እጃችሁን እንዳወጣችሁ ቆዩ።»

ጉባኤው ጭጭ አለ። አንዳንዱ እጁን ቀስ አድርጎ ነጠላው ውስጥ አስገባው። አንዷ ሴትዮ ሻሿን የምታስተካክል መሰለች። ልጁ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። «ጥላ የተሳላችሁ አምጡ። መጋረጃም አምጡ። ግን መጀመሪያ የሠራተኛችሁን ደመወዝ ክፈሉ» አለና ወደ መዝሙር ገባ።

ስንወጣ በሩ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ነበር። አንዱ ዓይኑን ይጠርጋል። ሌላው «ይሄን ልጅ ማን ነው የላከው? ፖለቲካ እኮ ነው የሰበከን» ይላል። አጎቴ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እራት ላይ «ይሄ የፈረንጆቹ ነው፤ ፕሮግረሲቭ የሚሉት» አሉኝ። ቃሉን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ ዩቲዩብ ሳይሆን አይቀርም።

እኔም ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ቃሉ የመጽሐፍ ነው። ግን ዛሬ ስለ ደሞዝ ከተሰበከ ነገ ስለ ቤት ኪራይ፣ ከነገ ወዲያ ስለ መሬት ካሳ ይመጣል። የት ላይ ነው የሚቆመው? መቆምስ አለበት?

ባጃጄ

እኔ እጄን አላወጣም ነበር። ሠራተኛ የለኝም፣ ሠራተኛው እኔው ነኝ ሃሃሃ።

ዲያቆን ዘቀበሌ 14

ሰላም ወንድሜ። ጉባኤው ላይ አልነበርኩም፤ ስለዚህ በነገርከን ላይ ብቻ ልናገር።

ልጁ ያነበበው ቃል ሕይወት ነው፤ ጠብ የለኝም። ቅር ያለኝ እጅ ማስወጣቱ ነው። ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት ነው፤ ለጎረቤት አይደለም። እዚያ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ባሏ ደሞዝ ሳያመጣ ቀርቶ ይሆናል ያልከፈለችው። እሷን በአደባባይ ማሸማቀቅ ምን ይባላል?

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጣል። ሰው ወደ ጉባኤ የሚመጣው ነፍሱን ብሎ ነው። ስብከቱ ሁሉ ደሞዝና ኪራይ ከሆነ፣ ሥጋ ወደሙ የት ሄደ? ትንሣኤ የት ሄደ? ይሄንንማ የሠራተኛ ማኅበርም ይነግረናል። የውጭዎቹ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ከፍትሕ ጀምረው ክርስቶስን መንገድ ላይ የጣሉ አሉ።

ፔዳ ያለሁት

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ በናንተ ጉባኤ ጣልቃ ገባህ እንዳትሉኝ። ቃሉ ስለተነሳ ብቻ ትንሽ ልበል።

«ፕሮግረሲቭ» የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩት አንዳንዶቹ ትንሣኤን እንደ ምሳሌ ብቻ የሚያዩ ናቸው። ዲያቆን የፈራው እነሱን ነው፣ ፍርሃቱም ከመሬት አልተነሳም። ግን ከነሱ በፊት ሌላ መስመር ነበር። ዋልተር ራውሸንቡሽ የሚባል የባፕቲስት ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1886 ኒው ዮርክ ውስጥ በጣም ደሃ ሰፈር ተመደበ። 11 ዓመት ገደማ ቆየ። እዚያ ያደከመው የሕፃናት ቀብር ነው። በረሃብና በመጥፎ ቤት የሚሞቱ ሕፃናትን እየቀበረ «ነፍሳቸው ዳነች» ብሎ ብቻ ወደ ቤቱ መሄድ አቃተው። ማኅበራዊ ወንጌል የሚባለው ትምህርት ከሱና ከመሰሎቹ ነው የወጣው።

ማርቲን ሉተር ኪንግንም ሁላችን የምናውቀው በ«ሕልም አለኝ» ነው። የሞተው ግን በቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጉዳይ ነው። ሜምፊስ ላይ እ.ኤ.አ. የካቲት 1968 ሁለት ሠራተኞች ዝናብ ሸሽተው የቆሻሻ መኪናው ሆድ ውስጥ ተጠለሉ። መጭመቂያው ተነሥቶ ፈጫቸው። 1,300 ያህል ጓደኞቻቸው «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥለው ሥራ አቆሙ። ኪንግ ሊደግፋቸው ሄዶ ነው ሚያዝያ 4 ቀን የተገደለው። በሕልሙ ንግግር ውስጥ ያለው «ፍርድ እንደ ውኃ፥ ጽድቅም እንደማይደርቅ ፈሳሽ ይፍሰስ» ደግሞ ከአሞጽ 5 የመጣ ነው። እንግዲህ ይሄ የፈረንጅ ነው? አሞጽ እኮ እረኛ ነበር።

ከኛም አገር ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያናቸው በጄኔቭ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የውጭ ለጋሾች ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ግን አይሰጡም። ደብዳቤው በአጭሩ «ሰውን ለሁለት አትሰንጥቁብን፤ ነፍሱም ሥጋውም አንድ ሰው ነው» የሚል ነው። እሳቸውን ደርግ ሐምሌ 1971 ዓ.ም ከመንገድ አፍኖ ወስዶ ገደላቸው።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ «ፕሮግረሲቭ» በአማርኛ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተራማጅ ነው። እኔ ይሄን ቃል ስሰማ የሚታየኝ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ተራማጅ ያልሆነ ሁሉ አድኃሪ የሚባልበት ዘመን። ስለዚህ የልጁ አጎት ቢደነግጡ አልፈርድባቸውም። በእድሜ እኩዮች ሳንሆን አንቀርም።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። በ1967 የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ጭሰኛው በየሰፈሩ ጨፈረ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን እኔ በነበርኩበት አጥቢያ ስለ ጭሰኛው አንድ ስብከት አልሰማሁም። አንድ። ቤተ ክርስቲያኗም ባለ መሬት ነበረች፤ ምን ይሰበካል? እኛ ዝም ስላልን ነው ቃሉን ሌላ ሰው አንሥቶ፣ ከነጠመንጃው የመጣው። ይሄን ስል አጎትህ ይቆጡኝ ይሆናል፤ ቡና እንጠጣበታለን በላቸው።

ቅኔ ቤት የቀረሁት

ዲያቆን፣ በእውነት ስለ ፈረንጅ የምናወራው ለምንድን ነው? ዮሐንስ አፈወርቅን ረሳነው እንዴ?

ስንክሳሩን ተመልከት። ንግሥት አውዶክስያ የአንዲት መበለት የአትክልት ቦታ ቀማች። መበለቲቱ ወደ ሊቀ ጳጳሱ ወደ ዮሐንስ ሄደች። እሱ ንግሥቲቱን መከረ፤ እንቢ ስትል ከቤተ ክርስቲያን ከለከላት። በዚህም ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ407 በስደት ሞተ። በስሙ ቅዳሴ አለን። እስቲ ልጠይቅህ፤ ይሄ የመሬት ጉዳይ አይደለም? «የመሬት ካሳ» የሚሉት ማለት ነው።

የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ደግሞ፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያለበስክ ውጭ በብርድ ራቁቱን አትተወው ይላል። ጥላና መጋረጃን እኮ ነው የሚናገረው። ያ ወጣት ሰባኪ ከዩቲዩብ አላመጣውም፤ ከዚህ ነው ያመጣው።

በዐቢይ ጾምም ሦስተኛው እሑድ ምኵራብ ነው። ጌታ የሻጮችን ገበታ የገለበጠበት። በየዓመቱ ይሰበካል። ግን ምን ተብሎ ይሰበካል? «በቤተ ክርስቲያን ግቢ ስልክ አታውሩ» ተብሎ። ገበታው ሳይገለበጥ ምኵራብ ያልፋል።

ባጃጄ

የመጨረሻዋን መስመር ለተሳፋሪ ነግሬ ሳልከፈል ቀረሁ፤ ሰውየው እያሰበ ወረደ።

የምሬን ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፈው ክረምት ወንድሜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ላይ በቀን ሠራተኛነት አሸዋ ሲሸከም ነበር። ስሙን ተዉት። የአሥራ አንድ ቀን ሒሳቡን እስካሁን አልሰጡትም። ሲጠይቅ «ለእግዚአብሔር ቤት ነው፣ በረከት ነው» አሉት። በረከት ግን ኪራይ አይከፍልም። ሰባኪው እጅ ሲያስወጣ የሕንፃ ኮሚቴውንም እጅ አብሮ ቢያስወጣ ደስ ይለኝ ነበር።

ዲያቆን ዘቀበሌ 14

ባጃጄ፣ ይሄ ነውር ነው። በኦሪት ዘዳግም 24 የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል። ወንድምህን በውስጥ መስመር አገናኘኝ።

ስለ አፈወርቅ የተባለውን እቀበላለሁ። ግን እሱ መጀመሪያ ራሱን ገሠጸ፣ የጳጳስነቱን ቤት ወጪ ቀነሰ፣ ለሕሙማን ቤት ሠራ፣ ከዚያ ነው ንግሥት ላይ የደረሰው። የዛሬ ሰባኪ ማይክ ሲይዝ ነው የሚጀምረው።

ምሕረትንም አንርሳ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተሥሏል። 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለአንድ ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ሚዛኑ ላይ ውኃው ነው የደፋው።

ባጃጄ

እሱን ሥዕል ሳየው ሁልጊዜ የምጠይቀው አለ፤ አትቆጡኝ። 78ቱስ? እነሱን ማን ጠየቃቸው?

ጡረተኛው መምህር

አንተ ልጅ ባጃጅ መንዳት አባከነህ።

ያኔ ሠራተኛ የነበርኩት

ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ ሠራተኛ ታወራላችሁ። ሠራተኛ የነበረች ሰው ግን አልጻፈችም።

ወደ ባሕር ዳር ስመጣ 13 ዓመቴ ነው። ደላላው እኔን አሳይቶ ድርሻውን ተቀብሎ ሄደ። እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልብስ ይገዙልኛል፣ ስታመም ጠበል ይወስዱኝ ነበር። ደሞዜን ግን «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» አሉ። አራት ዓመት ተቀመጠልኝ።

ቅዳሜ ማታ ነጠላቸውን አጥባለሁ፣ ጠዋት እተኩሳለሁ። እሳቸው ነጭ በነጭ ለብሰው ለቅዳሴ ይወጣሉ። እኔ ወጥ እሠራለሁ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ ምሳው መድረስ አለበት። አራት ዓመት ሙሉ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ አላውቅም። ደወሉን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር የምሰማው። ሽንኩርት በመሆኑ ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አይለኝም።

ስወጣ ሒሳብ ተሠራ። የተሰበረ ብርጭቆ ተቀነሰ። የጠበሉም ትራንስፖርት ተቀነሰ። የቀረውን ቆጥሬ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ዲያቆን፣ «በአደባባይ አሸማቀቃቸው» ላልከው። አዎ፣ ይከብዳል። እኔ ግን በዚያ ጉባኤ ብኖር ኖሮ፣ ማለት እሑድ መውጣት ብችል ኖሮ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እኔ ሲሰበክ እሰማ ነበር።

ሕግ አለ የሚል ካለ ደግሞ፤ አሁን በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ስለሆንኩ አንብቤዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ሌላ ደንብ ይወጣል ይላል። ቤት ውስጥ ያለችውን ልጅ ሕጉ በር ላይ ነው የተዋት። ስለዚህ ወይ ሰባኪው ይናገርላታል ወይ ማንም።

የጣና ዳር ልጅ

እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። እናቴ ጋ ልነጋገር ነው።

ደንገል

እኔ ክርስቲያን አይደለሁም፣ ሙስሊም ነኝ። ነገደ ወይጦ ነኝ። ስለ ፍትሕ ስታወሩ አይቼ ነው።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው። ደንገሉን ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ያስራል። የአያቶቼ ወፍጮ ስንት ቤት እህል እንደፈጨ አላህ ይወቀው። ጎረቤቶቻችን በታንኳችን ይሻገራሉ፣ በወፍጯችን ፈጭተው በልተዋል። እኛ ቤት ግን ውኃ አይጠጡም። ምክንያቱ «ጉማሬ ትበላላችሁ» ነው። የጥንት አያቶቻችን ያድኑ ነበር፤ አልክድም። እኔ ጉማሬ የማውቀው እንደናንተው ከሩቅ ነው፣ ጆሮውን። ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔ ኩባያ ለብቻው ነበር የሚቀመጠው። ኮዳዬን የነካ ልጅ እጁን ሲታጠብ አይቻለሁ።

ሐይቁ ዳር ውብ ነው ሲባልም መጀመሪያ ወደ ኋላ የሚገፋው የኛ ጎጆ ነው።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ስብከታችሁ አባል ያልሆነ ጎረቤትንም ይመለከታል? ወይስ የቤት ሠራተኛዋ ክርስቲያን ስለሆነች ነው?

ቅኔ ቤት የቀረሁት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሌሊት ቀሰቀሰኝ። ዮሐንስ ምዕራፍ 4ን እንደገና አነበብኩት። ሳምራዊቷ ሴት ጌታን «መቅጃ የለህም» ነው ያለችው። ስለዚህ «ውኃ አጠጪኝ» ሲላት በሷ ዕቃ ሊጠጣ ነው። አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም የሚለው የሚገባህ እዚያ ላይ ነው። የጥሉ ነገር ኩባያ ነበር።

ዲያቆን ዘቀበሌ 14

ይሄን ወንጌል ስንቴ እንደሰበክሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ስለ አምስቱ ባሎቿ ሰብኬአለሁ፣ ስለ ሕይወት ውኃ ሰብኬአለሁ። ስለ ኩባያው አንድም ቀን። አያቴ ቤት የወይጦ ኩባያ የሚባል ነበር፤ በልጅነቴ እንደ ተራ ነገር ነው የማየው። ደንገል፣ ይቅርታ። ምን ብዬ እንደምጨርሰው አላውቅም።

ደንገል

ዲያቆን፣ ቤታችን ከሐይቁ ዳር ነው። ቡናው ሁሌም አለ። ቆሮሶ ዓሣም ከተገኘ ይጠበሳል።

የዘጌ ቡና

ሁሉም የራሱን ካወጣ እኔም ላውጣ። ዘጌ ነው የተወለድኩት። ገዳሞቻችንን ቱሪስት ሁሉ ያያቸዋል፤ ቡናችንንም ሰው ይወዳል። ዘጌ በሬ አይጠመድም፣ መሬቷ የተባረከች ናት እየተባልን ነው ያደግነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግን አንድ የታሪክ ጥናት አነበብኩ። ከጣሊያን በፊት በነበሩት ዓመታት ያን ቡና የሚያለማው ብዙው የባሪያ ጉልበት ነበር፤ ከባለቤቶቹም ካህናት ነበሩባቸው። ኢትዮጵያ ባርነትን አጠፋለሁ ብላ የመንግሥታት ማኅበር ውስጥ በ1916 ገባች። በሕግ ጨርሳ የከለከለችው በ1934 ነው። ያኔ ቅዳሴው አንድ ቀን አልተቋረጠም።

አያቴን ስጠይቃት «ቤተሰብ ነበሩ» አለችኝ። ባሮቹን ማለቷ ነው። «እንደ ልጅ ነበር የምናያቸው።» አሁን ሰው ስለ ቤት ሠራተኛው «እንደ ልጄ ናት» ሲል ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል።

ፔዳ ያለሁት

ይሄ አባባል በእኛም ቸርች በደንብ አለ። ከሱ ሌላ የብልጽግና ወንጌል የሚባል ጣጣ አለብን። ደሃ የሆንከው እምነትህ ስላነሰ ነው ይልሃል፣ ከዚያ የመጨረሻ ብርህን ዘር ብለህ ዝራ ይልሃል። እናንተ «ፖለቲካ ሰበከ» ብላችሁ ትጣላላችሁ፤ እኛ ጋ የሚሰበከው መኪና ነው።

ጡረተኛው መምህር

የጣና ዳር ልጅ፣ አጎትህስ? እናትህስ? ነገር ለኩሰህ ጠፋህ።

የጣና ዳር ልጅ (ቅዳሜ ማታ)

ይቅርታ፣ ሳምንቱ ረዘመብኝ።

ሰኞ እናቴን «የልጅቷን ደሞዝ ትሰጫታለሽ?» አልኳት። «ምን አገባህ?» አለችኝ። ማክሰኞ አላናገረችኝም። ረቡዕ ከያኔ ሠራተኛዋ እህታችን ጽሑፍ የሽንኩርቱን ክፍል አነበብኩላት። «ማን ናት ይቺ?» አለች፤ አላውቃትም አልኳት። ሐሙስ ባንክ ላከችኝ። የሰባት ወር ነበር። እኔ ሦስት መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ብሩን ተቀብላ አልቆጠረችውም። «እሑድ ጠዋት ልውጣ?» ነው ያለችው። እናቴ ደሞዙን እሺ ብላ እዚህ ላይ እንቢ አለች፤ «ምሳውን ማን ይሠራል?»፣ «ቅዳሜ ትሂድ»። አጎቴ ነበሩ፤ ይቃወማሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ። ከዚያ «ያ ልጅ መቼ ነው ተመልሶ የሚሰብከው?» ብለው ጠየቁኝ። ሊሰሙት ይሁን ሊጣሉት አልገባኝም።

ነገ ምሳውን እኔ እሠራለሁ ብያለሁ። ሽሮ ነው። ሞክሬው አውቃለሁ፣ ጓል በጓል ነው የሚሆነው። የሚያውቅ ካለ አሁኑኑ ይንገረኝ።

ያኔ ሠራተኛ የነበርኩት

ዱቄቱን በቀጥታ የፈላ ውኃ ላይ አትበትነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላላ፣ አትቸኩል። ውኃው ሲፈላ ብጥብጡን በቀጭኑ እያፈሰስክ በሌላው እጅህ አማስል። እሳቱን ቀንስ። ቅዳሴ እስኪወጣ ይደርሳል።